ስለ ጭነት መኪና አደጋና ስለ ቤተ ሰብ መብት

የቤት ራስ የሆነው ሰው ማለዳ ወጥቶ ማታ በደኅና መመለሱ ለአንድ ቤት ከሀብት ሁሉ የሚበልጥ ሀብት ነው። ስለዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ምግብና ስለ ንጽሕና መነገሩ ተገቢ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ቤትን በአንድ ቀን ያለ አባት ወይም ያለ እናት ስለሚያስቀረው ስለ ጭነት መኪና አደጋ፥ አደጋውም ከደረሰ በኋላ ሕግ ለቤተ ሰቡ ስለ ሰጠው መብት መናገር ተገቢ ነው። ይህ መብት ተጽፎ ሳለ በብዙ ሰው ዘንድ ሳይታወቅ ይቀራል። ስለዚህ የሚያነበው ሁሉ ለማያነበው ጎረቤቱ እንዲነግርልን አስቀድመን እንለምናለን።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን የአገሩን ጭነት የሚያመላልሱት በቅሎ፥ አህያና ግመል ነበሩ። የመንዝ ሰው ከደጋው ወደ ቆላው ሲወርድ፥ ከቆላውም ወደ ደጋው ሲወጣ፥ መንገዱ ጠባብና አቀበቱ የበረታ ቢሆንም፥ ከአጋሰስ ጋራ ተጋጭቶ የሚሞት ሰው እምብዛም አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጣርማ በር ተራራ ተፈልፍሎ ዋሻው ከተከፈተ ወዲህ ግን ካሚዮን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ በደብረ ብርሃን አልፎ፥ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ደሴ ይወርድ ጀመር። ከዚያም በኋላ ወደ መንዝ የሚታጠፈው መንገድ ካሚዮኑን ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ አደረሰው።

የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ የሆነችው ሞላሌ ዛሬ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፥ ገብሷንና ባቄላዋን፥ በጓንና ባናዋን የምትልክ፥ ጨውን፥ ስኳርን፥ ሲሚንቶንና ቆርቆሮን የምትቀበል በጭነት መኪና ነው። ካሚዮን ለደጋው ሰው ትልቅ በረከት አምጥቶለታል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከበረከቱ ጋራ አብሮ የመጣውን አደጋ አውቆ መጠንቀቅ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ እንደ ተነገረው፥ በዓለም ሁሉ በመንገድ አደጋ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው ይሞታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከሚገድለው ነገር ሁሉ ቀዳሚው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው።

በደጋ አገር ይህ አደጋ የሚበረታበት ምክንያት ግልጥ ነው። አንደኛው ጉም ነው፤ በክረምትና በበጋም ማለዳ ጉሙ በወረደ ጊዜ ነጂው ፊት ለፊቱ ያለውን መንገደኛና በግ ነጂውን ልጅ አያይም። ሁለተኛው ቁልቁለት ነው፤ ከመጠን በላይ የተጫነ ካሚዮን ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ፥ ነጂው በከባድ ማርሽ መያዙን ትቶ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ቢሄድ፥ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም ኃይሉ ይደክማል፤ በመጨረሻም ቢረግጡት አይዝም። ሦስተኛው የሰው ልማድ ነው፤ ገበያተኛው ደክሞት በከረጢትና በእህል ላይ ተሳፍሮ ለመሄድ ይለምናል፥ ነጂውም ወይ በርኅራኄ ወይ ለጥቂት ገንዘብ ብሎ ያሳፍረዋል፤ መኪናው በተገለበጠ ጊዜም ከላይ የነበረው ሰው ከጭነቱ በታች ይሆናል።

መንግሥት ይህን አደጋ ለመከላከል ብዙ ሕግ አውጥቷል። የጭነት መኪና ሁሉ ታርጋና ሊብሬ እንዲኖረው፥ በየዓመቱም ተመርምሮ ቦሎ እንዲለጥፍ ታዟል። ነጂው ለሚነዳው መኪና ዓይነት የሚስማማ መንጃ ፈቃድ እንዲይዝ በአዋጅ ቍጥር 1074/2010 ተወስኗል። የመንገድ ትራፊክ ደንብ ደግሞ ጠጥቶ ወይም ጫት ቅሞ መንዳትን፥ እየነዱ በእጅ ስልክ መነጋገርን ይከለክላል፤ አደጋ ያደረሰ ነጂም ወዲያው ቆሞ የተጐዳውን እንዲረዳና ለፖሊስ እንዲያስታውቅ ያዛል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ግን በትራፊክ ፖሊስ ፉጨት ብቻ አይደለም፤ ባለ መኪናው በግቢው ሳለ፥ ጭነቱ ሳይታሠር፥ ነጂው ሳይነሣ ነው መፈጸም ያለበት።

እንግዲህ ጥንቃቄው ሁሉ ሳይበቃ ቀርቶ አደጋው ቢደርስ ቤተ ሰቡ ምን ያድርግ? ዋናው ጕዳያችን ይህ ነው።

በቀድሞ ዘመን አንድ ሰው ሲበደል በዳዩን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመው ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽም ነጠላቸውን ቋጥረው፥ ሳይለያዩ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ካሚዮን ግን ነጠላ የለውም። በጧት ሞላሌ ላይ የነበረው በማታ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ይገኛል። ስለዚህ በዛሬው ዘመን ከመኪናው ጋራ የሚቋጠረው ነጠላ ታርጋው ነው። አደጋውን ያየ ሰው ሁሉ፥ እረኛም ቢሆን ተማሪም ቢሆን፥ የተጐዳውን ካነሣ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ የታርጋውን ቍጥር ይያዝ፤ መጻፊያ ቢያጣ በእጁ መዳፍ ላይ ይጻፈው። የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ የቦታውን ፕላን እስኪያነሣ ድረስ መኪናውም ከቦታው እንዳይነቃነቅ ያስፈልጋል፤ ያ ፕላን በኋላ በፍርድ ቤት ከብዙ ምስክር ይልቅ ይናገራልና።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሽማግሎች ነገር ነው። የአገራችን ሽምግልና የተከበረና የሚያስመሰግን ልማድ ነው፤ ደም እንዳይመለስ፥ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጣላ የሚያደርግ እርሱ ነው። ነገር ግን በካሚዮን አደጋ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሆነውን እስኪ እናስብ። ሰውዬው ሞቶ ተዝካሩ ገና ሳይወጣ፥ ሽማግሎች ወደ ሐዘንተኛዪቱ ቤት ይመጣሉ።

«ልጄ፥» ይላሉ ታላቁ ሽማግሌ፥ «ነጂውም እንደ አንቺ ልጆች ያሉት ድኻ ነው። ጠልቶት አልገደለውም፤ እግዚአብሔር ያዘዘው ሆነ። ይህን ተቀበዪና ለተዝካሩ ይሁንሽ፤ እርሱም ከእሥር ይውጣ።»

«እርስዎ ካሉ፥ አባቴ፥ እኔ ምን እላለሁ?» ትላለች፤ አውራ ጣትዋንም በቀለም ነክራ በወረቀቱ ላይ ታትማለች።

በዚህ ንግግር ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው የለም። ሽማግሌው ሰላም ፈለጉ፤ ሴቲቱም ሽማግሌ አከበረች። ነገር ግን ሦስት ነገር ተረስቷል፤ የመኪናው ባለቤት ተረስቷል፥ የመድን ድርጅቱ ተረስቷል፥ ልጆቹም ተረስተዋል። ገንዘቡ በተዝካሩ ቀን ያልቃል፤ የልጆቹ ቀለብና የትምህርት ወጪ ግን ብዙ ዓመት ይቀጥላል። ዕርቅም በሕግ ፊት ቀላል ነገር አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ በተስማሙት ሰዎች መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ አድርጎ ይቈጥረዋል። ስለዚህ የተረሱትን ሦስቱን ነገሮች አንድ በአንድ እናስረዳ።

የመጀመሪያው የባለ መኪናው ኃላፊነት ነው። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2081 እንደሚለው፥ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጕዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። ከዚህ የሚድነው በዚያን ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። ቍጥር 2086 ደግሞ ባለቤቱ «እኔ ጥፋት የለብኝም» ብሎ ወይም «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» ብሎ ከኃላፊነት እንዳያመልጥ ይከለክለዋል፤ ጕዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል ከተጐጂው ጥፋት የመጣ እንደ ሆነ ግን ኃላፊነቱ በዚያው ልክ ይቀራል ወይም ይቀንሳል። የሕጉ ምሥጢር ግልጥ ነው፤ ከመኪናው የሚገኘውን ትርፍ የሚበላ፥ ከመኪናው የሚመጣውንም ጕዳት ይክፈል ማለት ነው። ስለዚህ «ነጂው ድኻ ነው» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም የካሣውን በር አይዘጋም፤ ካሣውን የሚጠየቀው ድኻው ነጂ ብቻ አይደለምና። በነጻ ተሳፍሮ የተጐዳ ሰው ግን ነገሩ ይለይበታል፤ ባለቤቱ ከመሳፈሩ ምንም ጥቅም ያላገኘ እንደ ሆነ ጥፋቱን ማስረዳት ያስፈልገዋል። በጭነት ላይ በነጻ መሳፈር ሕይወትን ብቻ ሳይሆን መብትንም የሚያደክም መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው መድን ነው። እንግሊዞች በአውሮጳ አቈጣጠር በ1930 ዓመት ባወጡት ሕግ ባለ መኪና ሁሉ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጕዳት መድን እንዲገባ አስገደዱ፤ ብዙ አገሮችም ይህን ዓይነት ሥርዓት ያዙ። በአገራችንም ይህ ግዴታ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 559 ታወጀ፤ በኋላም በአዋጅ ቍጥር 799/2005 ተተካ። ይህ የሦስተኛ ወገን መድን ይባላል። አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለሞት ወይም ለአካል ጕዳት የሚከፈለውን እስከ 40,000 ብር፥ ለንብረት እስከ 100,000 ብር፥ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር አድርጎ ነበር፤ ልኩ በየጊዜው ሊሻሻል የሚችል ስለሆነ ጠያቂው ጥያቄውን በሚያቀርብበት ቀን የጸናውን ልክ ከመድን ድርጅቱ ጠይቆ ይረዳ። የአስቸኳይ ሕክምናውን ነገር ሁሉ ሰው ሊያውቀው ይገባል፤ በመኪና አደጋ የተጐዳ ሰው ገንዘብ አልያዘም ተብሎ ከሕክምና ቤት በር ሊመለስ አይገባውም። መኪናው ጕዳት አድርሶ ያመለጠና ያልታወቀ፥ ወይም መድን ያልገባ እንደ ሆነም ቤተ ሰቡ ተስፋ አይቍረጥ፤ ለእንዲህ ያለው ተጐጂ የሚከፍል የመድን ፈንድ በመንግሥት ተቋቁሟል፤ ሥራውንም የመንገድ ደኅንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት ይመራዋል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የመድን ድርጅቱ የሚከፍለው በአዋጅ የተወሰነ ልክ ነው እንጂ የጕዳቱ ሙሉ ዋጋ አይደለም። ጕዳቱ ከዚያ ልክ የበለጠ እንደ ሆነ ትርፉን ከባለ መኪናው በፍትሐ ብሔር ሕግ መጠየቅ ይቻላል። ከመድን ድርጅቱ ገንዘብ ተቀብሎ «ነገሩ አለቀ» ብሎ የሚቀመጥ ቤተ ሰብ ብዙውን ጊዜ ከመብቱ ታናሹን ክፍል ይዞ ታላቁን ይተዋል።

ሦስተኛው የልጆች ነገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 2095 በአደጋ የሞተ ሰው ሚስት ወይም ባል፥ ወላጆቹና ልጆቹ በሞቱ ምክንያት ስለ ደረሰባቸው የኑሮ ጕዳት በራሳቸው ስም ካሣ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል፤ ካሣውም እንደ ቀለብ የሚቈረጥ ነው። እንግዲህ የልጆቹ መብት የእናታቸው መብት ቅጥያ አይደለም፤ ለየራሳቸው የተሰጠ ነው። በሐዘን ቀን የእናቲቱ አውራ ጣት ሲታተም የልጆቹ የብዙ ዓመት እንጀራ አብሮ እንዳይታተም ሽማግሎች ሊያስቡበት ይገባል። ስለ ኅሊና ጕዳት ማለት ስለ ሐዘኑ ራሱ ግን በ1952 ዓ.ም. የተጻፈው ሕግ ከ1,000 ብር የበለጠ እንዳይቈረጥ ወስኗል። 1,000 ብር በዚያን ዘመን ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ድካሙን የሚያኖረው በእንባው ላይ ሳይሆን፥ ሟቹ በዓመት ስንት ኩንታል ገብስ ያመርት እንደ ነበረ፥ ስንት በግ ይሸጥ እንደ ነበረ፥ ወይም ደመወዙ ስንት እንደ ነበረ በሚያስረዳ ማስረጃ ላይ ይሁን። የጋብቻ ማስረጃ፥ የልጆች የልደት ማስረጃ፥ የሕክምና ወረቀት፥ የፖሊስ ማስረጃም በአንድ ላይ ተሰብስበው በሣጥን ይቀመጡ። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለምን?

ስለ ወንጀሉ ክስም ጥቂት እንናገር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቍጥር 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ይቀጣል፤ ነጂው ሰክሮ ወይም የታወቀውን ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ እንደ ሆነ፥ ወይም ከአንድ ሰው በላይ የሞተ እንደ ሆነ ቅጣቱ ወደ ጽኑ እሥራት ከፍ ይላል። ነገር ግን ነጂው መታሠሩ የልጆቹን ሞሰብ አይሞላም፤ የወንጀሉ ክስ ሌላ፥ የካሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ነጂው በወንጀል ነጻ ቢለቀቅ እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት በዚያ ውሳኔ አይታሠርም፤ ካሣውን ራሱ መርምሮ ይፈርዳል። ስለዚህ «ነጂው ተለቋል፥ እንግዲህ ምን አለን?» ብሎ ወደ ቤት መመለስ ስሕተት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ስለ ጊዜው ነው። የካሣው ክስ ጕዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ነገሩ ረጅም የይርጋ ዘመን ያለው ወንጀል እንደ ሆነ ያ ዘመን ይጠበቃል፤ ነገር ግን አስተዋይ ሰው በዚያ ተማምኖ አይዘገይም። የደጋ ሰው ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ክስ ማንሣትን እንደ ነውር ያያል፤ ሙት ዓመቱ ከወጣ በኋላ ደግሞ መኸርና እርሻ ይመጣል፤ እንዲህ እየተባለ ሁለቱ ዓመት ያልቃል። ባለ መኪናው የአዲስ አበባ ሰው ቢሆንም ከሳሹ ወደ አዲስ አበባ የመውረድ ግዴታ የለበትም፤ ጕዳቱ በደረሰበት አገር ባለው ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል።

«ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ የለኝም» የሚል ቢኖር፥ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ድኻ ሰው የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍል በደሃ ደንብ እንዲከስ ይፈቅድለታል፤ ድኽነቱን ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት ብቻ ያስፈልገዋል። የወረዳው ዐቃቤ ሕግ ቢጠየቅ መንገዱን ያመለክታል፤ በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ክፍሎችም ለችግረኛ በነጻ የሚመክሩና ክስ የሚጽፉ ማዕከሎች አሏቸው። ክፍያ የሚቀበል ጠበቃ የሚይዝም ሰው ፈቃዱን አይቶ፥ ውሉን በጽሑፍ አድርጎ ይያዝ፤ በሐዘን ቤት ዙሪያ እየዞረ «ካሣውን እኔ አወጣልሽ፥ እኩሌታውን ለእኔ» ከሚል ደላላ ይጠንቀቅ።

አሁን ቃላችንን ወደ እናንተ፥ ካሚዮን ወዳላችሁና ባለ ካሚዮን ዘመድ ወዳላችሁ አንባቢዎች እንመልሳለን። መድኑን በጊዜው ማደስ፥ ፍሬኑንና ጎማውን ማስመርመር፥ ጭነቱን በልኩ ማድረግ፥ ነጂው ሌሊት ሳይተኛ እንዳይነዳ መከልከል፥ ረዳቱም በዳገት ላይ ሲቆም ታኬታውን እንዳይረሳ ማዘዝ፥ ይህ ሁሉ ቢደመር ከአንድ ጉዞ ትርፍ አይበልጥም። ይህን ንቆ የሚገኘው ዕዳ ግን ቤትን የሚያስሸጥ ነው። በነጂው ላይ «ዛሬውኑ ድረስ» እያለ በስልክ የሚያጣድፍ ባለ መኪናም፥ አደጋው በደረሰ ጊዜ «እኔ በዚያ አልነበርሁም» ቢል ሕጉ እንደማይሰማው ይወቅ።

ሽማግሎችንም «ዕርቁን ተዉት» አንላችሁም፤ ይልቁን በርቱበት እንላለን። ነገር ግን በዕርቁ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ጨምሩ፦ «ይህ ዕርቅ ደም ለማድረቅና ቂም ለማስቀረት የተደረገ ነው፤ የሟች ባለቤትና ልጆች ከመኪናው ባለቤትና ከመድን ድርጅቱ ካሣ የመጠየቅ መብታቸውን አይነካም።» ይህን ካጻፋችሁ በኋላ ወረቀቱን ከመታተሟ በፊት ለሐዘንተኛዪቱ ቀስ ብላችሁ አንብቡላት፤ ማንበብ የሚችል ልጅ ወይም ወንድም ያላት እንደ ሆነም እርሱ ደግሞ ያንብብላት። ያን ጊዜ ነጂው ይቅርታውን ያገኛል፥ ሁለቱ ቤቶች ይታረቃሉ፥ ልጆቹም በአባታቸው ፋንታ ሕግ የሚሰጣቸውን እንጀራ ሳያጡ ያድጋሉ።